አጐት ማለት የትኛው ነው?



ዛሬ የምናነሣው ቃል እጅግ ቀላል መስሎ የሚታይ ነው፤ «አጐት» ይባላል። አማርኛን በትምህርት የሚቀስም የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ቃል በመጀመሪያው ወር ያገኘዋል፤ ካገኘውም በኋላ ተመልሶ አያየውም። እኔም ከትግርኛ ወደ አማርኛ በተሻገርሁ ጊዜ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሳለሁ፥ እንዲሁ አልፌው ነበር። ቃሉ ያሰናከለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ በካርቱም ከተማ ነው፤ ምክንያቱም የአንድ የጠረፍ ጦረኛ ቤት የትውልድ ታሪክ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንደምጽፍ አስቀድሜ አስታውቃለሁ፤ ነገሩ የሁለት አገር ነገር ስለ ሆነ በዚህ ይቀናል።

ዘመኑ 2022 ነበር። በምሠራበት መሥሪያ ቤት አማርኛ የሚማሩ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ሹም ነበሩ፤ አገራቸው ሸንዲ ነው። እንደ ሱዳን ልማድ «ዓሚ» እያልሁ እጠራቸው ነበር፤ በእኛ «ጋሼ» እንደ ማለት ነው፤ ቃል በቃል ግን «የአባቴ ወንድም» ማለት ነው። እርሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። አንድ ቀን ስለ ደጃዝማች ክንፉ የሚናገር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ዓረብኛ መልሼ እንዲያርሙልኝ ሰጠኋቸው። ጽሑፉ «ክንፉ የካሣ አጐት ነበር» ይል ነበርና «አጐት» የሚለውን «ኻል» ብዬ ተርጕሜዋለሁ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱኝ።

«ልጄ፥ ኻል ነው ወይስ ዓም?»

«አጐት ነው፥ ዓሚ» አልኋቸው።

«እርሱስ ገብቶኛል። የማን ወንድም ነው? የአባት ነው ወይስ የእናት?»

መልስ አጣሁ። ኀፍረቴም እጥፍ ነበር፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ትግርኛ እንደ ዓረብኛው ሁለቱን ይለያልና ነው። የአባትን ወንድም «ሓወቦ» እንላለን፥ የእናትን ወንድም «ኣኮ» እንላለን፤ የአባት እኅት «ዓሞ» ናት፥ የእናት እኅት «ሓትኖ» ናት። አማርኛ ግን ሁለቱን ወንዶች በአንድ «አጐት»፥ ሁለቱን ሴቶች በአንድ «አክስት» ጠቅልሎ ይጠራል። በእርግጥ የፈለገ ሰው «የአባቴ ወንድም» ወይም «የእናቴ ወንድም» ብሎ ለይቶ ሊናገር ይችላል፤ ቋንቋው አያግደውም፤ ነገር ግን አያስገድደውም። ማንም ያላስገደደው ጸሐፊ ደግሞ፥ እኔን እንደምታዩኝ፥ ሳይጠይቅ ያልፋል።

ሽማግሌው ግን አላለፉም። የሸንዲ ሰው በዚህ ነገር አይቀልድም። በዚያ አገር ያሉት ጃዓሊን ትውልዳቸውን ከአባት ወደ አባት እየቈጠሩ እስከ ዓባስ፥ እስከ ነቢዩ መሐመድ አጐት ድረስ ያደርሳሉ። (ይህም አጐት «ዓም» ነው፤ «ኻል» ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።) ስለዚህ ሽማግሌው ክንፉ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ከሥራው በፊት ቦታውን ፈለጉ።

እንግዲህ ቦታውን አብረን እንፈልግለት።

ቋራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ወደ ሱዳን ሜዳ የሚወርድ ቈላ ነው። ከጎንደር ሆኖ ለሚያየው የአገር ዳር ነው፤ ከካርቱም ሆኖ ለሚያየውም እንዲሁ የአገር ዳር ነው። ወሰኑ በውል የተጻፈው በ1902 ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ጠረፉን የሚያስከብረው በዚያ የተቀመጠው ሹም ጕልበት ብቻ ነበር። በመተማ ገበያ የሰፈሩት ከምዕራብ አፍሪቃ የመጡት ተክሩሮች፥ እንደ ጊዜው ኀይል፥ ለግብፅም ለሐበሻም ይገብሩ ነበር። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚሾም ሰው የጎንደርን ቤተ መንግሥት ሥርዓት ጠንቅቆ ማወቁ ብዙ አይረዳውም። ቈላውን የሚችል ጤና፥ ፈረስና ጠመንጃ፥ የሚከተለውም ዘመድ ያስፈልገዋል። ዘመድ ያልሁት በከንቱ አይደለም፤ ደመወዝ በሌለበት ዘመን ሠራዊት የሚሰበሰበው በሥጋ ዝምድናና በምርኮ ተስፋ ነበርና።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደምቢያንና ምዕራቡን ቈላ ይገዛ የነበረው ደጃዝማች ማሩ ነው። ግዛቱ «የማሩ ቅምስ» እየተባለ ይጠራ ነበር፤ በስሙ ውስጥ ማር ስላለ ለጆሮም ይጣፍጣል። ማሩ በ1827 በኮሶ በር ጦርነት ሞተ። ቤቱ ግን አብሮት አልሞተም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚያው ዘር ክንፉ ኃይሉ ተነሣ፤ ደምቢያንና ቋራንም ያዘ።

በዚያን ጊዜ ግብፆች ሱዳንን ይዘው በካርቱም ተቀምጠው ነበር። ገዢው ኹርሺድ ፓሻ ነበር። ካርቱም ገና ከጦር ሰፈርነት ወደ ከተማነት የምትለወጥ ልጅ ከተማ ነበረች፤ ሰዎችዋም ጎጆውን ትተው በጡብ ቤት እንዲሠሩ ያበረታታ እርሱ ነው። በ1837 በሚያዝያ ወር ክንፉ ብዙ ሠራዊት አስከትቶ ወደ ሜዳው ወረደና ወድ ከልተቡ በተባለው ስፍራ የግብፅን ጦር ድል አደረገ። ድንጋጤው እስከ ካርቱም ደረሰ፤ ኹርሺድም ከካይሮ ረዳት ጦር ለመነ። ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት የግብፁን ገዢ መሐመድ ዓሊን በሐበሻ ላይ እንዳይዘምት ስላስጠነቀቀው የታሰበው የበቀል ዘመቻ ሳይደረግ ቀረ። ለሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እርሳቸው የሚያውቁት የካርቱምን ወገን ታሪክ ነበርና።

ክንፉ በ1839 ሞተ። ልጆቹም የአባታቸውን አገር ለማቈየት አልቻሉም፤ የጎጃም መሳፍንት ወጓቸው፤ ደምቢያም የራስ ዓሊ እናት በሆኑት በእቴጌ መነን እጅ ገባች። በገዳም ፊደል ቈጥሮ ከዚያ በኋላ በክንፉ ቤት ጦር የተማረው ወጣቱ ካሣ ኃይሉ ወደ ቋራ ቈላ ወርዶ ሸፈተ። አማርኛ ተማሪዎች ሆይ፥ «ሸፈተ» የሚለውን ቃል ዘረፈ ብላችሁ ብቻ አትተርጕሙት። ርስቱን የተነጠቀ የባላባት ልጅ ፍርድ ባጣ ጊዜ ጫካ ሲገባም ሸፈተ ይባላል፤ አገሬውም ሰው ሁለቱን በሚገባ ለይቶ ያውቃቸዋል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ክንፉ ለካሣ ምኑ ነበር? ከጸሐፊዎች አንዳንዱ «ወንድሙ» ይለዋል፤ ሌላው «አጐቱ» ይለዋል። እኔ ወንድሙ ወደሚሉት አዘነብላለሁ። ምክንያቴም የስም ሥርዓታችን ነው። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚመጣው የአባታችን ስም ነው። አንዱ ክንፉ ኃይሉ፥ ሁለተኛው ካሣ ኃይሉ ነው። የካሣ አያት ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል። እንግዲያውስ ክንፉ የካሣ አባት ወንድም ቢሆን ኖሮ መጠራት የነበረበት ክንፉ ወልደ ጊዮርጊስ ተብሎ ነበር። ኃይሉ የሚባል ሰው በአገራችን ብዙ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ሆኖም በአንድ ቤት፥ በአንድ ዘመን፥ በአንድ ግዛት ውስጥ የተገኘ ሁለት ኃይሉ አንድ ኃይሉ ቢሆን ይቀላል። ስለዚህ ሁለቱ የአንድ አባት፥ የሁለት እናት ልጆች ናቸው እላለሁ። ታላቅ ወንድም ታናሹን በቤቱ ሲያሳድገውና ጦር ሲያስተምረው፥ ከጊዜ በኋላ የሚናገር ሰው «አጐቱ» ቢለው አያስደንቅም፤ ሥራው የአጐት ሥራ ነውና።

ይህን ማስረጃ ሽማግሌው በደስታ ተቀበሉት። «እንዲህ ከሆነ ኻልም ዓምም አይደለም!» ብለው ሳቁና ትርጕሜን በቀይ እርሳስ ሰረዙት።

የአባቱ ወገን እንዲህ ከታወቀ፥ ጠላቶቹ የካሣን ዘር ሲነቅፉ አባቱን ትተው እናቱን ለምን መረጡ? እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን የጎንደር ሰው ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ችግር አግኝቷት በገበያ ኮሶ ትሸጥ ነበር ተብሎ ተወራ። ኮሶ የሆድ ትል የሚያወጣ መራራ መድኀኒት ነው፤ ሁሉም ይጠጣው ነበር፥ ሻጩን ግን ሁሉም ይንቅ ነበር። ጳውሎስ ኞኞ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በጻፈው መጽሐፍ ወሬው የጠላት ፈጠራ መሆኑን ተናግሯል፤ ወይዘሮ አትጠገብም ከታወቀ ቤት የተወለደች ናት። እኔ ግን ከወሬው እውነትነት ይልቅ የወሬው ዓላማ ይገርመኛል። በአማራ አገር እስከ 1975 ድረስ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር፤ ሰው የአያት የቅድመ አያቱን ስም ቈጥሮ መሬት ሲጠይቅ በሴት በኩል መቍጠሩ አያሳፍረውም ነበር። ስለዚህ እናትን ማዋረድ ግማሹን ትውልድ መቍረጥ ነበር። በሸንዲ እንዲህ ያለ ስድብ ልብን ያቈስል ይሆናል እንጂ ርስት አያሳጣም፤ በደምቢያ ግን ሁለቱንም ያደርግ ነበር።

ስድቡም መልስ አግኝቷል። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለው የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ተማረከም። ካሣም ኮሶ አስመጥቶ እስኪበቃው አጠጣው ይባላል። በ1847 ደግሞ እቴጌይቱ ራሳቸው በካሣ እጅ ወደቁ።

በሚከተለው ዓመት ግን ካሣ ራሱ ኮሶውን ቀመሰ። እንደ ክንፉ ወደ ሱዳን ሜዳ ወርዶ ደባርቂ በተባለው ስፍራ የግብፅን ጦር ገጠመ። ግብፆቹ በምሽግ ሆነው በመድፍ ስለ ተቀበሉት ብዙ ሰው አልቆበት ተመለሰ። የቤቱ ዕውቀት፥ ማለት ፈረስና ጀግንነት፥ በዚያን ቀን እንዳልበቃ ተረዳ። ሠራዊቱን በሥርዓት ለማሠልጠንና መድፍ ለማሠራት በኋላ ያደረበት ጽኑ ምኞት ከዚህ የጠረፍ ሽንፈት እንደ ተወለደ ብዙዎች የታሪክ ሰዎች ይስማማሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ ሁሉም ያውቀዋልና። በ1852 በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹ፥ በ1853 በአይሻል ራስ ዓሊ፥ በ1855 በደረስጌ ደጃዝማች ውቤ ተሸነፉ። በዚያው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። (አንባቢ ልብ ይበል፤ እስካሁን «ወረደ፥ ሸፈተ» እያልሁ መጥቼ አሁን «ነገሡ» አልሁ። ሰውዬው አንድ ነው፤ ግሡን የለወጠው ዘውዱ ነው። ይህን አለመለወጥ በአማርኛ ትልቅ ስሕተት ነው።)

ንጉሥ ከሆኑ ዘንድ ግን የቋራ ትውልድ ብቻውን አይበቃም። የሰሎሞን ዘር መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ የአባታቸው ወገን በአንዲት ሴት ልጅ በኩል ከዐፄ ፋሲለደስ እንደሚወርድ ተነገረ። ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በ1862 በላኩት ደብዳቤ ስለ አባቶቻቸው ነገሥታት ይናገራሉ፤ በዚያው ደብዳቤ ደግሞ እግዚአብሔር ከትቢያ እንዳነሣቸው ይናገራሉ። ሁለቱ አሳቦች እንዴት በአንድ ወረቀት ተስማሙ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኔ የማየው፥ የመጀመሪያው ለዘውዱ የተባለ፥ ሁለተኛው ግን የቋራ ልጅ ስለ ራሱ ያለው ቃል መሆኑን ነው። በሴት በኩል መቍጠሩንም ነቀፋ የሚያደርግ ካለ፥ ዐፄ ኀይለ ሥላሴም ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ የሚወርዱት በአባታቸው እናት በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ በኩል መሆኑን ያስታውስ። አባታቸው ራስ መኰንንም በሐረር የምሥራቅ ጠረፍ ጠባቂ ነበሩ።

ለአማርኛ ተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል በግእዝ ይጻፍ ነበር፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ግን ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም በአማርኛ ጻፉት። የዚህን ቤት ታሪክ በአማርኛ ማንበብ የሚፈልግ እንግዲህ ከምንጩ ሊቀዳ ይችላል።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «የእኛም ቤት የጠረፍ ቤት ሆኗል» አሉኝ። በ1822 የሸንዲው መክ ኒምር የመሐመድ ዓሊን ልጅ ኢስማዒል ፓሻን በእሳት አቃጥሎ ከገደለ በኋላ፥ የግብፅ ጦር ለበቀል አገሩን ሲያጠፋው፥ ወገኖቹን ይዞ ወደ ሐበሻ ጠረፍ ሸሸ። በሰቲት ወንዝ አገር ሰፍሮ፥ ከእርሱም በኋላ ልጁ፥ በግብፆች ላይ አደጋ እየጣሉ ኖሩ፤ ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ልጁን በ1862 አግኝቶታል። «ኒምር» በእኛ ነብር ነው፤ በትግርኛም ነብሪ። በካርቱምና በሰሜን ካርቱም መካከል በጥቁር ዓባይ ላይ የተሠራ አንድ ድልድይ በስሙ ተጠርቷል። እንግዲህ በአንድ ዘመን በአንድ ጠረፍ ሁለት ጦረኛ ቤቶች ነበሩ፤ አንደኛው ከደጋው ወደ ታች፥ ሁለተኛው ከሜዳው ወደ ላይ የመጣ። ከሽማግሌው ዘመዶች አንዱ ከኒምር ሰዎች ጋር ሄዶ በሰቲት ቀርቷል፤ ዘሩ ይኑር አይኑር አይታወቅም። በዓረብኛ በእጅ የተጻፈ የትውልድ ወረቀታቸው ላይ ግን ስሙ አለ።

ይህን ወረቀት ለትምህርት ብለን ወደ አማርኛ መለስነው። ሽማግሌው በረቂቃቸው «የአባት ወንድም»፥ «የእናት ወንድም» እያሉ ጽፈው ነበር። እኔ አማርኛው እንዲያምር ብዬ ሁሉንም ሰረዝሁና «አጐት» አደረግሁት። በንጹሕም ገለበጥነው፤ ረቂቁ ተጣለ።

በ2023 በሚያዝያ ወር በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ሽማግሌው ወደ ሸንዲ ሸሹ፤ እኔም በመተማ መንገድ ወጣሁ፤ የክንፉ ሠራዊት በወረደበት ጠረፍ፥ በእጄ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዤ። በሻንጣው ውስጥ የአማርኛው ቅጂ ነበረበት፤ ሆን ብዬ አልያዝሁትም፥ ከደብተሮቼ መካከል ተገኘ። በሚከተለው ዓመት ሽማግሌው በስልክ አገኙኝ። ቤታቸው ተዘርፎ ነበር፤ የዓረብኛው ወረቀት ከሣጥኑ ጋር ጠፍቷል። «ልጄ፥ ያ የአማርኛው አለህ?» አሉኝ። አለኝ አልኋቸው። ሲያለቅሱ ሰማሁ።

ሌሊቱን ተቀምጬ ቈጠርሁት፤ አሥራ አንድ «አጐት» አለበት። በክንፉ የሞከርሁት ዘዴ እዚህም ረዳኝ፤ ሰባቱን ከአባታቸው ስም ለየኋቸው፥ የአያቱ ስም ያለበት ሁሉ የአባት ወገን ነውና። ሦስቱን ሽማግሌው ራሳቸው አስታወሱ። የቀረው አንዱ፥ በሰቲት የቀረው ነው። እርሱ የተጻፈው በቅጽል ስሙ ብቻ ስለ ሆነ የአባቱ ስም የለም። የአባት ወንድም ከሆነ ዘሩ የሚፈለገው በአንድ ቤት ነው፤ የእናት ወንድም ከሆነ በሌላ ቤት ነው።

ሽማግሌው በዕድሜ የሚበልጧቸው እኅት በሸንዲ አሉና ስልኩን አቀበሏቸው። እኔም ነገሩን በዓረብኛ አስረድቼ ጠየቅኋቸው።

«ኻል ነበር የምንለው» አሉኝ እኅታቸው። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፥ «ነገር ግን ልጆች ሳለን የሞቱትን ሽማግሎች ሁሉ ኻል ነበር የምንለው» አሉ።

በአዲሱ ቅጂ በአሥራ አንደኛው ስም አጠገብ «የ» ብዬ ጽፌ፥ ቦታ ትቼ፥ «ወንድም» ብዬዋለሁ።